ስንዝር ሽቦ

ፀሐይ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ መካኒኩ የአሮጌዋን ጭነት መኪና ኮፈን ዘጋ፤ እጁን በሱሪው ጠረገና ጋቢና ወጣ። የጉዞ ፈቃዱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ማታ ሦስት ጊዜ አንብቦታል። «ባለሙያ» በሚለው ቦታ የኢንጂነሯ ስም ሰፍሯል፤ የእሱ ስም «ሹፌር» ከሚለው ጎን ነው። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው፣ ወረቀት የለህም ተብሎ ሹፌር። እሺ፣ ሹፌር ይሁን። ለቢሮው ብሎ አይደለም የሚሄደው።

ከነጩ ሜዳ ማዶ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ አርባ ቤተሰብ የሚጠጣው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ውሃውን የሚስበው ሞተር ቆሟል። በሬዲዮ የመጣው መልእክት አጭር ነበር፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረው የሦስት ቀን ውሃ ነው፣ እሱም በጣም ከተቆጠበ። ከአርባው ቤት አንዱ የታላቅ እህቱ ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

ኢንጂነሯ አጠገቡ ተቀምጣ አንዲት ቆርቆሮ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘች። በውስጧ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ዕቃ በጥጥ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ለጉድጓዱ ሞተር ነዳጅ ፓምፕ የምትገጠም የኤሌክትሪክ ቫልቭ። ኮረንቲ ስታገኝ ማግኔቷ ይስባል፣ ናፍጣው ያልፋል። ኮረንቲው ሲቋረጥ ትዘጋለች፣ ሞተሩም ይሞታል። መጋዘኑ ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ የመንገዱን ጉድጓድ ቀስ ቢሉልኝ» አለችው።

«አንቺ ቆርቆሮሽን ያዢ፤ መንገዱን ለሹፌሩ ተይለት።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደስ አለው። ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ እጇ ላይ አንድ የቃጠሎ ጠባሳ የለም፣ ባለሙያዋ ግን እሷ ናት። ከሁለት ወር በፊት ያው ሞተር ሲያስቸግር የሄደው ማን ነበር? ቫልቩን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ኮረንቲውን እያቆራረጠ ሞተሩን ሲያጠፋባቸው፣ እሱ ምን አደረገ፤ መቆጣጠሪያውን ዘለለና ከባትሪው ስንዝር ሽቦ በቀጥታ ወደ ቫልቩ ሳበ። አለቀ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሕዝቡም «ጋሽ ሽቦ» ብሎ ስም አወጣለት። የምስጋናው ደብዳቤ ቢሮ ሲደርስ ግን ለክፍሉ ኃላፊ ተሰጠ። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ተሰክቶ ቀርቷል።

እኩለ ቀን ላይ ነጩ ሜዳ ውስጥ ገቡ።

ሹፌሮች ይህን ሜዳ አይወዱትም። ዛፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፤ መሬቱ እንደ ደረቀ ቁስል ቅርፊት ከጎማው ስር ይሰነጣጠቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ድምፁ ነው። አጠገብህ የተናገረው ሰው ከሩቅ የጠራህ ይመስላል፤ ሩቅ ያለው ደግሞ ጆሮህ ስር ያንሾካሹካል።

ነፋሱ ከመሬት ተነሣ። መጀመሪያ ነጭ አቧራ በጎማዎቹ ልክ ሮጠ፣ ከዚያ መስኮቱን ደረሰ፣ ከዚያ ፀሐይዋን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ አሳንሶ ዋጣት። መካኒኩ መሪውን አንቆ፣ የመንገዱን ፈለግ በጎማው ስሜት ብቻ እየተከተለ ገፋ። በዚህ መሃል ሞተሩ ሳል እንኳ ሳያሰማ ቀጥ አለ።

ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል። ፓምፑ ላይ ግን ሁልጊዜ የምትሰማው «ቀጭ» የለችም።

«የራሳችን ቫልቭ ኮረንቲ አጥቷል» አለ፤ ፊቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወረደ። አቧራው ዓይኑን እያቃጠለው በዳሰሳ ሠራ። ውስጥ ለውስጥ የተበላውን ሽቦ ተወው፣ ሌላ ሽቦ ከባትሪው ወደ ፓምፑ ቫልቭ ሳበ፣ ማብሪያና ማጥፊያ እንዲሆነው ደግሞ መሃሉን ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች በመስኮት ጋቢና ውስጥ አስገባቸው። ጫፍና ጫፉን ሲያነካካው «ቀጭ» አለ። ሞተሩ ተነሣ።

ተመልሶ ሲገባ ኢንጂነሯን ቀና ብሎ አያት። ምስጋና ይጠብቃል። እሷ ግን ሽቦውን እያየች ነበር።

«ጋሼ፣ የጉድጓዱንም እንዲህ ነበር ያደረጉት?»

«ታዲያስ። ሁለት ወር ሙሉ ቀጥ ብሎ ሠርቷል። መቆጣጠሪያ ምናምን የሚባለው የመጽሐፍ ነገር ነው።»

አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ቆርቆሮዋን ወደ ሆዷ ጠጋ አደረገቻት። ስድብ ቢሆን ይመልስ ነበር። ዝምታዋ ግን ሌሊቱን ሁሉ፣ ጋቢናው ውስጥ ተኮራምተው ሲያሳልፉት፣ ጎኑን ሲወጋው አደረ።

በማግስቱ ነፋሱ ቆመ፤ አቧራው ግን አልወረደም። በአየሩ ላይ እንደ ወተት ተንጠልጥሎ ቀረ። ረፋድ ላይ ኢንጂነሯ ክንዱን ነካችው።

ጅቦች ነበሩ፤ ሰባት። በቀን ብርሃን ከመኪናዋ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አይሮጡም፣ አይጮኹም፣ ዞር ብለውም አያዩአቸውም፤ አንድ መንገድ የወጣ መንገደኛ ይመስላሉ።

«ጅብ በቀን?» አለች።

«ዝም በያቸው።»

«ምን ፈልገው ነው?»

«እስክንቆም ነዋ። እዚህ የሚቆም መኪና ለእነሱ የምሳ ዕቃ ነው።» ሊያስፈራራት ብሎ የተናገረው የራሱን ጀርባ አቀዘቀዘው።

ከዚያ ሰባቱም ባንድ ጊዜ ቁጭ አሉ። አንድ ሰው መሬት ላይ መስመር አስምሮ «ከዚህ አትለፉ» ያላቸው ይመስል፣ ከዚያች ቦታ አንዲት እርምጃ አልተራመዱም። መካኒኩ ፊት ለፊት ሲያይ ምክንያቱ ታየው። ከወተቱ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ብቅ አለ፤ እስከ ጎማው ወገብ ተቀብሮ፣ ቀለሙ ተልጦ።

አቁሞ ሽቦውን አላቀቀ። ሞተራቸው ጠፋ።

የሞተሩ ድምፅ ግን አልጠፋም።

ያው ድምፅ፣ ያው ናፍጣ የሚጎርስ ጉርምርምታ፣ ከተቀበረው መኪና በኩል ይመጣል። ኢንጂነሯ ፊቷ አመድ መሰለ። «ጋሼ… የእሱ ነው የሚሰማው?»

 ወርዶ ወደ ተቀበረው መኪና ሄደ። ጋቢናው ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጧል። ከብዙ ዓመት በፊት የደረቀ፣ ኮፍያው ግን ያልወለቀ። ጣቶቹ ቁልፉን እንደያዙ ናቸው፤ ቁልፉም በርቷል። መካኒኩ የልማድ ነገር ሆኖበት ኮፈኑን በጉልበቱ ፈንቅሎ ከፈተ። ሞተሩ ደህና፣ ፓምፑ ደህና፤ ወደ ፓምፑ ቫልቭ የምትሄደው ሽቦ ብቻ ተበጥሳ ተንጠልጥላለች። የታንከሩን ክዳን ሲከፍት ናፍጣው ዛሬም ሸተተው። ሰውየው ሙሉ ታንከር ይዞ፣ ባልተበላሸ ሞተር ላይ ተቀምጦ፣ ለስንዝር ሽቦ ሞቷል።

ድምፁ ቀረበ። አሁን ለየው። ሦስተኛዋ ሲሊንደር ምት ትዘላለች፤ ያቺን ዝላይ ያውቃታል።

«የሞተ መኪና አይደለም» አለ ወደ ኢንጂነሯ እየተመለሰ። «ቦቴው ነው። እኔ የጠገንኩት ቦቴ።»

ጉድጓዱ ከቆመ ወዲህ በዚያ ሰፈር ውሃ የሚያመላልሰው ይህ ቦቴ ነው፤ አንድ በርሜል በአንድ ፍየል። የጉድጓዱ ሞተር ከተነሣ ፍየሉ ይቀራል። ቦቴው ከኋላቸው ከአቧራው ወጥቶ፣ አልፏቸው መንገዱን ዘጋ። ባለቦቴው ወረደ፤ ከሱ ጋር አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው። ሞተሩን ሳያጠፉ ትተውታል።

«እህቴ» አለ ባለቦቴው በትሕትና፣ «ምን እንደያዝሽ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ቆርቆሮዋን ስጪኝና በሰላም ተመለሺ። ሌላ አንዲት ነገር አልፈልግም።»

«ሕዝብ በጥም እያለቀ ነው» አለች ኢንጂነሯ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ቆርቆሮዋን ግን አልለቀቀችም።

«እኔ እኮ ውሃ ይዤላቸው ነው የምሄደው።»

ጠመንጃ የያዘው አንድ እርምጃ ተራመደ። መካኒኩ መሃላቸው ገብቶ አንገቱን ወደ ቦቴው አዘነበለ። «ሦስተኛዋ አሁንም ትዘላለች?»

«እንዳንተ ያለ መካኒክ ነክቷት ሌላ ምን ትሁን።»

«ላዳምጣት። ከተመቸህ ነው።»

ባለቦቴው ሳቀ። ከልካይም አልነበረ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ደቀነ፤ ግራ እጁ ግን ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ስር ገባ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያም ቢሆን ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቦ ነበር። ሽቦውን በፒንሳው ያዘና ላስቲኩን ሳይበጥስ የውስጡን መዳብ ብቻ አጣምሞ ሰበረው።

ቦቴው ቀጥ አለ።

ዝምታው ከላይ የወደቀ ጣሪያ መሰለ። ከሩቅ ሰባቱም ጅቦች ባንድ ጊዜ ተነሡ።

ጠመንጃ የያዘው ወደ ጅቦቹ ዞረ። ባለቦቴው ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ምንም። መካኒኩ የተቀበረውን መኪና በአገጩ ጠቆመው። «እዚያ ውስጥ ያለው ሰውዬም እንዳንተ ሲያዞር ነበር። እስካሁን አልለቀቀውም። ሄደህ እየው።»

ባለቦቴው ሄዶ አየ። ሲመለስ ከንፈሩ ነጭ ነበር። «አስነሣልኝ።»

«የጠመንጃውን ጥይት ለእሷ ስጥ። እሷም መኪናችንን አስነሥታ ትለፍ። ከዚያ ደዌውን እነግርሃለሁ።»

ሰውየው ጅቦቹን አየ፣ የተቀበረውን መኪና አየ፣ ለባልደረባው በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠ። ኢንጂነሯ ጥይቱን በሻርፗ ተቀብላ መሪውን ጨበጠች፤ ሽቦዎቹን አነካካች፣ ቦቴውን በጎን አልፋ መንገድ ያዘች። መካኒኩ በሚንከባለለው መኪና ደረጃ ላይ ዘልሎ ወጣና ጮክ ብሎ ተናገረ። «ፓራፋንጎው ስር ያለው ሽቦ ውስጡ ተሰብሯል። ሌላ ቀጥልበት። ጅቦቹ ቢጠጉ ጋቢና ገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ ውሃ እንደሆነ ሙሉ ቦቴ አላችሁ።»

አቧራው ዋጣቸው። ብዙ ከተጓዙ በኋላ መካኒኩ ሳቀ፤ ሳቁ ሜዳው ላይ የሌላ ሰው ሳቅ ሆኖ ተመለሰ። ቆም አደረገው።

«ትናንት ልትዪው የነበረውን በይው» አላት።

ኢንጂነሯ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። «የዚህች መኪና ቫልቭ ወፍራም ናት፤ ባትሪውን ቀኑን ሙሉ ትችላለች። የጉድጓዱ ግን ሌላ ናት። ከባድ በር ለመክፈት ትከሻ ያስፈልጋል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ጣት ይበቃዋል። መቆጣጠሪያው ሥራው ይኼ ነው። መጀመሪያ ብዙ ኮረንቲ ሰጥቶ ይከፍታታል፣ ወዲያው ቀንሶ በትንሹ ይይዛታል። እርስዎ ሁለት ወር ሙሉ በትከሻ ነው የገፏት።»

«ተቃጠለች ነው የምትዪው።»

«ውስጧ ያለው ጥቅል ሽቦ ቀስ በቀስ ነው የሚያልቀው። መቆጣጠሪያውም ያኔ ሲያቆራርጥ የነበረው መሰኪያው አቧራ ገብቶበት ይሆናል።»

መካኒኩ ሊሰድባት አፉን ከፈተ፤ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ያኔ ከጉድጓዱ ሊመለስ ሲል ቫልቩን ሲነካ ጣቱን አቃጥሎታል። ሽታም ነበረው፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ። «የሚሠራ ነገር ይሞቃል» ብሎ ነበር ለቆሙት ሰዎች፣ እየሳቀ። እህቱም አብራ ስቃ ነበር።

«ሪፖርቱ ላይ በእርጅና ብዬ እጽፋለሁ» አለች ኢንጂነሯ ቆይታ። «ማንም አይጠይቅም።»

መካኒኩ ያኔ የተቃጠለውን ጣቱን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገ። 

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረሱ። ሰዉ ጀሪካኑን ደርድሮ፣ የማጠራቀሚያው ቧንቧ ሥር ተቀምጧል። ከቧንቧው ጠብ የሚል የለም። መኪናዋን ሲያዩ ተነሡ፤ መካኒኩ ሲወርድ ደግሞ ስሙን ተቀባበሉት። «ጋሽ ሽቦ መጣ።» እህቱ ከኋላ ቆማለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ፈገግ ስትል ደማ።

የውሃ ኮሚቴው ሽማግሌ እጁን ጨበጡት። «እንኳን አንተን ላከልን። ዛሬ ግን ሳታስተምረን አትሄድም። ያቺን ሽቦ ከባትሪው እንዴት እንደምትስባት አሳየንና ሌላ ጊዜ ስትቆም ራሳችን እናስነሣታለን።»

ሰው ሁሉ ከበበው። ሠላሳ ዓመት ሲመኘው የኖረው ዓይን ይኼ ነበር፤ ስሙን የሚያውቅ፣ እጁን የሚያይ ዓይን። ኢንጂነሯ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብላ የተቃጠለችውን ቫልቭ ትፈታለች። ቀና አላለችም። ምንም እንደማትል ያውቃል። እሱም ዝም ካለ አዲሷን ቫልቭ እነዚሁ ሰዎች በእሱ ሽቦ ያቃጥሏታል፤ መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ የለም።

«ሽቦዋን እርሷት» አለ።

«እንዴት?»

«ሞተሩን የገደልኩባችሁ እኔ ነኝ። ያቺ ሽቦ ናት ያቃጠለችው። አላወቅኩም ነበር፤ አውቃለሁ ብዬ ግን ነግሬአችኋለሁ።»

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀና ኩም አለ።  ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ባዶ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። «ልጄ ከትናንት ጀምሮ…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

እህቱ ሰዉን ሰንጥቃ መጣች። ፊቱን ብዙ አየችው፤ ልጅ ሳለ ሰው ደብድቦ ሲመጣ እንደምታየው። «ታዲያ ምን ቆመሃል» አለችው፣ «ውሃው እኮ እስካሁን የለም።»

መካኒኩ ከሞተሩ ሥር ተንበረከከ። «ኢንጂነር፣ ከየቱ ልጀምር?»

«የመቆጣጠሪያውን መሰኪያ ይጥረጉልኝ። ቀስ ብለው።»

መሰኪያዋን ፈታ። ነጭ አቧራ ሞልቷታል። በሸሚዙ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረጋት፤ ኢንጂነሯ አዲሷን ቫልቭ አስገብታ አጠበቀች፣ ቁልፉንም አዞረች። አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ተሰማ፣ ከዚያ ፀጥ። ሞተሩ ተነሣ። ጥቂት ቆይታ ጣቱን ይዛ ቫልቯ ላይ አስቀመጠችው። ቀዝቃዛ ነበረች።

ውሃው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ደፍርሶ፣ ከዚያ ጠርቶ ወረደ። ሰው ተሰለፈ። መካኒኩ ከሁሉ ኋላ ቆመ። ጋሽ ሽቦ ብሎ የጠራው አልነበረም፤ የሰደበውም የለም። ተራው ሲደርስ ቧንቧው ላይ የነበረችው ያቺ ሕፃን ያዘለችው ሴት ናት። ኩባያውን ሞላችና እጁን ሳታይ፣ ፊቱን እያየች ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበላትና ጠጣ።