ውባንቺና የታሚሉ ፊልም

ውባንቺ ከአውቶቡሱ ስትወርድ አንድ የምታውቀው ፊት አየች። ከፊት ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ጣል አድርገው የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ወይዘሮ ማንአልሞሽ ነበሩ። አይተዋት ይሆን? አውቶቡሱ በዝናቡ ውስጥ ሲርቅ፣ የሴትዮዋ ፊት ጉም በለበሰው መስኮት ወደ እሷ የዞረ መሰላት።

«ምን ሆንሽ?» አላት አብሯት የወረደው ናቴሳን።

«ምንም። ቶሎ እንግባ።»

ናቴሳን ታሚል ነው፤ ከስሪላንካ ጦርነት ሸሽቶ ሲያትል የገባ። የተገናኙት በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው፤ ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ መሃል ላይ እጅ ለእጅ እስኪገናኙ መቀራረብ ነው። መጀመሪያ ዓይን ለዓይን ይሸሻሹ ነበር። እየቆየ ግን አንሶላው ከእጃቸው ቶሎ አልለቅ አለ።

የሚያስፈራት ወንድሟ ነው። ሀይለየሱስ ታላቋ ብቻ አይደለም፤ አባታቸው በቀይ ሽብር ከተገደሉ ወዲህ አሳዳጊዋም እሱ ነው። ከሱዳን አስመጥቶ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ ያኖራትም እሱ። ታኮማ ወደብ ለሚሠራው ለበዛብህ ሊድራት ቃል ሰጥቷል፤ በረሃውን ሲያቋርጡ የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ላካፈለው ጓደኛው። የናቴሳን ወሬ ጆሮው የገባ ዕለት ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ከዚያ ሰው ጋር ካየሁሽ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድም የለሽም» አላት።

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። በዚህ አገር ከእሱ ሌላ ማን አላት?

ቢሆንም መጣች። የከተማው ታሚሎች ከካናዳ ያስመጡት የፍቅር ፊልም ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ ይታያል። ናቴሳን «የእናቴን ቋንቋ አንድ ቀን ስሚው» ሲላት እምቢ ማለት አልሆነላትም።

አዳራሹ ጨለመ። ፊልሙ ከሥሩ የሚነበብ ትርጉም ስላልነበረው ናቴሳን በጆሮዋ በእንግሊዝኛ ሹክ ይላት ጀመር።

«ልጅቷ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። እሱ የሸማኔ ልጅ ነው። ወንድሞቿ ጠልተውታል።»

«ምን አድርጎ?»

«የሸማኔ ልጅ ሆኖ።»

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው በሩ ሲጥ ሲል ሰምታ ክው አለች፤ ዞር ብላ አየች። ልጅ ያዘለች ሴት ናት። ሸራው ላይ ልጅቷ ኩራዟን በመዳፏ ከልላ በጨለማ ወደ ባሕሩ ትሮጣለች፤ ከኋላዋ የወንድሞቿ ችቦ ይንቀለቀላል። ውባንቺ የናቴሳንን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ድንገት መብራት በራ። «ፊልሙ ተጋምሷል፤ እረፍት ነው» አላት ናቴሳን።

ሀይለየሱስ በሩ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ከፀጉሩ ይንጠባጠባል።

እጇን ከናቴሳን እጅ መነጨቀች። ሀይለየሱስ በወንበሮቹ መሃል ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ወይዘሮ ማንአልሞሽ ኮል አድርገው እዚህ መውረድሽን ነገሩኝ። ተነሺ፤ መኪናውን ደጅ ፓርክ አድርጌዋለሁ።»

ናቴሳን ብድግ አለ። «ያመጣኋት እኔ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ።

ሀይለየሱስ ዞር ብሎም አላየው። «እኔ የማናግረው እህቴን ነው።»

ዕድሜዋን ሙሉ ተነሺ ሲላት ስትነሣ ኖራለች። እግሯ አሁንም ሊነሣ ቃጣው። የወንበሩን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ጋሼ፣ አልመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አባትም እናትም ሆነውኛል። ቢመቱኝ እችለዋለሁ። ወንድም የለሽም ግን አይበሉኝ፤ እሱን አልችልም።» እንባዋ በአገጯ ወረደ። «በዛብህን አላገባም። ይህን ሰው እወደዋለሁ። በጣም እየፈራሁ ነው የምወደው።»

ሀይለየሱስ ጀርባውን ሰጥቷት ወጣ።

መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ናቴሳንም አልተረጎመላት፣ እሷም አልጠየቀችው። ሸራው በእንባዋ ውስጥ ይዋኛል። ዛሬ የት ነው የማድረው? ነገስ የማን ነኝ እላለሁ? ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ተደጋግፈው ተነሡ።

ደጁ ሊጨልም ተቃርቧል፤ ዝናቡም አላባራ። የወንድሟ መኪና ከቆመበት አልተነቃነቀም። መስኮቱን አወረደ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እስካሁን እዚህ ነበሩ?» አለችው።

«የት ልሂድ? ጥዬሽ ብሄድ ተመልሼ የማላገኝሽ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ውባንቺ።» እጁን ሰዶ የኋላውን በር ከፈተ። «ሁለታችሁም ግቡ፤ ዝናቡ መታችሁ።»

ከኋላ ተቀመጡ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ሀይለየሱስ በእንግሊዝኛ ጠየቀ፦ «ሙሉ ስምህ ማነው?»

«ናቴሳን ካንዳያ።»

«ካንዳያ የቤተሰባችሁ ስም ነው?»

«የአባቴ ስም ነው። እኛ የምንጠራው በአባታችን ስም ነው።»

ሀይለየሱስ በመስታወቱ አየው። «እኛም» አለ። «አባትህ የት ናቸው?»

«የሉም። ወታደሮች ከቤት ወሰዷቸው።»

የዝናብ መጥረጊያው ሄደ፣ መጣ። «የእኛንም ከቤት ነው የወሰዷቸው» አለ ሀይለየሱስ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ አማርኛው ተመለሰ። «በዛብህን እኔው ሄጄ አናግረዋለሁ። ፊቱን እንዴት እንደማየው እግዜር ይወቅ። ይሄ ልጅ ሽማግሌ የሚሆነው ዘመድ አለው?»

ውባንቺ ለናቴሳን ተረጎመችለት።

«ካናዳ ያለ አንድ አጎት አለኝ» አለ ናቴሳን።

«ይላካቸው» አለ ሀይለየሱስ። «ግን ንገሪው፣ በአንድ ምልልስ እሺ አልልም።»