ከባሕሩ ያስቀረችው ሰው

ሩበን ሳሊናስ የጤና ቅጹን ሲሞላ እስክሪብቶው አንድ መስመር ላይ ቆመ። ኮሪን አጠገቡ ተቀምጣ ስለነበር አይታዋለች። «የልብ ሕመም አለብዎት?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ትንሽ ቆየና «የለብኝም» ብሎ ወረቀቱን አስረከበ። እሷም ነገሬ አላለችውም። የመዋኛ ገንዳው ከፊቷ ተዘርግቶ ስለሌላ ሰው ልብ የምታስብበት ልብ አልነበራትም።

የመዝናኛ መርከቡ ከጋልቬስተን ወደብ ከተነሳ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ኮሪን ኤበር የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ሌክ ቻርልስ ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ጉዞው አክስቷ ቬርና በቤተ ክርስቲያን ዕጣ ያሸነፈችው ነው። ቬርና ከቢንጎ ጨዋታ ጠረጴዛ አልነሳም ስትል፣ ኮሪን ብቻዋን መሰልቸቱ ቢበዛባት ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የባሕር ጠለቃ ትምህርት ተመዘገበች።

«አንቺ? ገላሽን ስትታጠቢ እንኳ ውሃ ፊትሽን ሲነካሽ የምትጮኺው?» አለች ቬርና።

«ሠላሳ ዓመት ፈራሁ፣ አክስቴ። መፍራቱም ሰለቸኝ።»

አሰልጣኙ ኤልሮይ ቦደን የሮአታን ደሴት ተወላጅ ነው፤ ደረተ ሰፊ፣ ቀልደኛ ሰው። ገንዳው ዳር ደረደራቸውና «የምትጠልቁት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው» አላቸው። «አብሯችሁ የሚጠልቀው ጓዳችሁ አየር ካጠረው፣ ያጠረው ለእናንተም ነው። አንተ ረጅሙ፣ ከዚች ከምትንቀጠቀጠው ጋር ሁን።»

«አልተንቀጠቀጥኩም!» አለች ኮሪን።

«እግርሽን ከገንዳው አውጪና ውሃው ዝም ይል እንደሆነ እንየው።»

ረጅሙ ሰው ሳቀ። ሩበን ነበር።

ትምህርቱ ቀላል ይመስል ነበር። ከውሃው በታች ተንበርክኮ፣ መነጽሩን ውሃ ሞልቶ፣ በአፍንጫ እፍ ብሎ ማስወጣት። ኮሪን ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቱንም ጊዜ እየተናነቃት ወደ ላይ ተፈናጠረች። በሦስተኛው ሩበን ሁለት እጆቿን ያዘ። አልጎተታትም፣ አልገፋትም። እንዲያው ዓይኖቿን እያየ ጠበቃት። ሰው እንዲህ፣ ጊዜ የእሱ እንደሆነ ሁሉ፣ ተረጋግቶ ሲጠብቃት አይታ አታውቅም። ውሃው ከመነጽሯ ሲወጣ ፊቱ ጠራላት። ያን ጊዜ ነው የወደደችው።

ከዚያ ወዲያ ምሳም ራትም አብረው ሆነ። ሩበን የኮርፐስ ክሪስቲ ልጅ ነው፤ በባሕሩ ላይ ከተተከሉት የነዳጅ ማውጫዎች በአንዱ ብየዳ ይሠራ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከባሕሩ በላይ ቆሜ በየድኩ» አላት። «ከስሩ ያለውን አንድም ቀን አላየሁም። ጎረቤቴን በሩን ሳላንኳኳ የኖርኩ ነው የሚመስለኝ።»

በአራተኛው ቀን ሮአታን ላይ ጠለቁ። ባሕሩ ከላይ ሰማያዊ ነበር፤ ከውስጥ ግን ስም የሌለው ቀለም ሆነ። ትልልቅ አረንጓዴ ዓሦች ድንጋይ የሚመስለውን ኮራል እንደ ቆሎ ሲቆረጥሙት ድምፃቸው ይሰማ ነበር። ሩበን ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ አረፋ ሆኖ ከፊቱ ተግተለተለ። ኮሪን እጁን ይዛ፣ ፈርታ እንደማታውቅ ሁሉ፣ ተንሳፈፈች።

ሲወጡ ግን ሩበን የጀልባውን መሰላል ያዘና እዚያው ቀረ። መውጣት አቃተው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«በርዶኝ ነው» አለ።

ውሃው ለብ ያለ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር፣ ከአንድ የለውዝ ዛፍ ስር፣ እውነቱን ነገራት። ደም የሚያሳልፈው የልቡ በር፣ ቫልቩ፣ ተበላሽቷል። ከአሥር ቀን በኋላ ሂዩስተን ውስጥ ደረቱ ይከፈታል። «ሐኪሞቹ እኩል በእኩል ነው አሉኝ፤ ወይ እነሳለሁ፣ ወይ አልነሳም። ከነገ ወዲያ ኮዙሜል ደሴት እንደርሳለን። አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ልጥለቅ፣ ኮሪን። ለኤልሮይ እንዳትነግሪው።»

«እዚያ ታች ብትሞትስ?»

«የሐኪም ጠረጴዛ ላይ ተኝቼ ከምሞት…»

«እኔስ?» ጮኸችበት። «ጓድህ ማን ነው? እጅህን ይዤ ስትሞት የማይህ እኔ አይደለሁም? ይህን አስበኸዋል?»

አላሰበውም ነበር። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘና ሳማት፤ ከንፈሩ ጨው ጨው ይል ነበር። «እለምንሻለሁ» አላት። ቃሉ ከልመና ይልቅ ልቅሶ ይመስል ነበር።

«እሺ» አለች። «አልናገርም።»

ሁለት ቀን እህል አልዋጥላት አለ። አክስቷ ሳህኗን እያየች «የባሕር ሕመም ነው ወይስ ፍቅር?» ስትላት፣ ኮሪን ጠረጴዛው ላይ አለቀሰች።

ኮዙሜል ላይ ማለዳ ጀልባው መልሕቁን ጣለ። ሩበን የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግን ለሠርጉ እንደለበሰ ሰው ደስ ብሎት ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። እጁን ዘረጋላት።

ኮሪን እጁን አልያዘችም።

«ኤልሮይ» አለች። «ልቡ ታማሚ ነው። ቅጹ ላይ ዋሽቷል።»

የቀልደኛው ሰው ቀልድ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «እውነት ነው?» አለው። ሩበን እሷን ብቻ ያያል። ኤልሮይ ማሰሪያውን ፈታለትና ሲሊንደሩን ከጀርባው አነሳው።

«አንድ ነገር ነበር የለመንኩሽ» አላት ሩበን።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ነገር ብቻ!»

ሌሎቹ ጠለቁ። እሷም ጓድ የለኝም ብላ ቀረች። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ፊት ለፊት ተቀመጡ። የጠላቂዎቹ አረፋ ከጀልባው አጠገብ እየወጣ ይፈነዳል፤ ሩበን ጎንበስ ብሎ እሱን ያያል። አንድ ጊዜ እንባው ከአገጩ ላይ ውሃው ውስጥ ሲወድቅ አየች። ልትነካው እጇን ዘረጋች። ሸሻት።

ከዚያ በኋላ ምግብ ቤት አልመጣም። የክፍሉን በር አንኳኳች፤ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ አልከፈተላትም። ጋልቬስተን ሲወርዱ ሰልፉ ውስጥ አየችውና ስሙን ጠራች። ሰዎች ሁሉ ዞሩ፤ እሱ ብቻ አልዞረም።

«ተይው፣ የኔ ልጅ» አለች ቬርና። «አንዳንዱ ሰው ያዳነውን ይቅር አይልም።»

«መዳኑን በምን አወቅሽ?»

ቀኑ ሲደርስ አውቶቡሷን ለባልደረባዋ አስረክባ ወደ ሂዩስተን ነዳች። የሆስፒታሉን ስም አንድ ጊዜ ሲናገር ሰምታዋለች። የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ጠይም እናት መቁጠሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው የሩበን ዓይን ነው።

«ማንን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?» አሉ የሩበን እናት፣ ዶኛ ኦፌሊያ።

«እኔ… ልጅዎን ከባሕሩ ያስቀረችው ነኝ።»

እናትየው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ኮሪን ጥፊም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅታ ቆመች።

«ሳምንት ሙሉ ስላንቺ ክፉ ክፉውን ሲያወራልኝ ነው የከረመው» አሉ። «ጠዋት ያንቺን ክፋት፣ ማታ ያንቺን ክፋት። ወንድ ልጅ ስለማይወዳት ሴት ይህን ያህል አያወራም። ነይ ተቀመጪ።»

በሩ ተከፍቶ አልጋውን ወደ ቀዶ ሕክምናው ሲገፉት ሩበን አያት። ነርሷ ቆመች።

«አሁንም ተቆጥቻለሁ» አለ በደከመ ድምፅ።

«ተቆጣ። እንደፈለግህ ተቆጣ፤ ብቻ ሳትነሳ እንዳትቀር። የምትሰድበኝ ብዙ ነገር ቀርቶሃል።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ግን ፍርሃቱ ቀደመው። «ኮሪን፣ ፈራሁ» አለ። እጁን ልትይዝ ስትንደረደር አልጋው ተንቀሳቀሰ፤ ጣቶቹን ብቻ ነካቻቸው።

ሰባት ሰዓት ጠበቁ። ዶኛ ኦፌሊያ ጸሎቱን ጨርሰው እንደገና ጀመሩት፣ እንደገናም ጨረሱት። በአራተኛው ሰዓት አንዲት ነርስ በሩጫ ገብታ በሩጫ ወጣች፤ ማንም ምንም አልነገራቸውም። ኮሪን ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ፈጣሪ እንደ ውሸታም ይቆጥረኛል ብላ ፈርታ መለመን እንኳ አቃታት። ቃሏን ለአንድ ሰው ሰጥታ በልታለች፤ ከዚህ ወዲያ ማን ያምናታል?

ሐኪሙ ሲወጣ ቆቡን በእጁ ይዞ ነበር። «ልቡ አንድ ጊዜ ቆሞብን ነበር» አለ። «መልሰነዋል። ይተርፋል።»

እናትየው አለቀሱ። ኮሪን ግን እንባም አጣች፤ «እርስዎ ይቅደሙ» ብላ አስገባቻቸውና ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቀረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናትየው በሩን ከፍተው ጠሯት። «ነይ፤ ያቺ ከዳተኛ የት ናት እያለ ነው።»

አሁን ሌክ ቻርልስ ውስጥ ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሐኪሞቹ ጠለቃን ለዘላለም ከልክለውታል። የኮዙሜሉ ጉዳይም በቤታቸው ገና አላለቀም፤ ሳህን ሲያጥቡ፣ መኪና ውስጥ፣ በሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር ይነሳል።

«ብጠልቅ ኖሮ በሰላም እወጣ ነበር» ይላታል።

«አትወጣም ነበር» ትለዋለች።

ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ አያውቁም፤ የሚያውቅም ሰው የለም። ሁለቱም ግን የሚጨቃጨቁት እሱ በሕይወት ስላለና አብረው ስላሉ እንደሆነ በልባቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ አንዳቸውም ሊያሸንፉ አይቸኩሉም።