የዋይፋይ አውጫጭኝ

«ኔትወርኩን የሚበላው ሳይታወቅ ማንም ከዚህ አይወጣም!» አሉ መምህር ዳኘው፣ የኮምፒውተር ክፍሉን በር ዘግተው።

ድሮ በቡሬ ገጠር በሬ ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፤ የሌባው ስም ካልተጠራ አገሬው አይነሳም። ተማሪዋ ትርሲት ይህን ሰምታለች። ዋይፋይ በአውጫጭኝ ሲፈለግ ግን ገና ማየቷ ነው።

ምሳ ሰዓት አለፈ። በኋላ ሰው ራበውና አንዱ «ገነነ ፊልም ያወርዳል» አለ። ሌሎችም ተቀበሉት። ገነነ ከሽንዲ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው፤ የሚከራከርለት ዘመድ የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

«አንቺስ፣ ትርሲት?»

«ያላየሁትን አልናገርም፣ ቲቸር። የሚበላውን ግን ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

«ሃከሯ!» ብለው ሳቁባት።

ገነነ ኮምፒውተር ክፍሉ እንዳይገባ ተከለከለ። የዘንድሮ ፈተና በኮምፒውተር ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ የሚለማመድበት የለውም።

በማግስቱ ገነነ የለም፤ ላፕቶፖቹ ግን ያው መንቀርፈፋቸውን ቀጠሉ። ሌባው ተባርሮ ስርቆቱ አልቆመም ማለት ነው። ትርሲት የመምህሩን ስልክ ለምና በዚያው ዋይፋይ ቪዲዮ ከፈተች፤ ወዲያው ተከፈተ። ላፕቶፑን በኬብል አገናኘችው፤ በረረ። ኬብሉን ነቅላ ወደ ዋይፋይ ስትመልሰው እንደገና ተጎተተ።

«መስመሩም ሰውም አይደለም፣ ቲቸር። ችግሩ እዚሁ ላፕቶፑ ውስጥ ነው።»

ላፕቶፖቹ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ የእርዳታ ዕቃዎች ናቸው። በኬብል ኢንተርኔት ገብታ ስትፈልግ፣ ያንኑ ዓይነት ላፕቶፕ የያዙ የሌላ አገር ሰዎች ያንኑ እሮሮ ጽፈው አገኘች። ዋይፋዩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ ስህተት አለበት፤ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ዋይፋዩን ያስተኛዋል፣ በደንብ አይቀሰቅሰውም። እንዳይተኛ የሚያደርግ አንድ መስመር ትእዛዝ አለ። ጻፈችው። ቪዲዮው ያለ ኬብል ሄደ።

መምህር ዳኘው መነጽራቸውን አወለቁ። «አበጀሽ! በይ በሁሉም ላይ ጻፊው።»

«ገነነስ?»

«ይግባ። ያለፈው አልፏል፣ ልጄ።»

«ስሙ የተጠራው በሁላችን ፊት ነው፣ ቲቸር። ሲነጻም በሁላችን ፊት ይሁን።»

«አሁን ትእዛዝ የምትሰጪኝ አንቺ ነሽ?»

ትርሲት ዓይኗን አልሰበረችም። የጻፈችው መስመር ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ ታውቃለች። ላፕቶፑን አጠፋችው።

«ነገ ሁሉም ሲሰበሰብ ይጻፋል» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መንገድ ላይ መስመሩን ቃል በቃል በልቧ እየደገመች ወደ ገነነ ኪራይ ቤት አቀናች። ነገ በሁሉም ፊት ተቀምጦ የሚጽፈው እሱ ነው።