ለሚስቱ ያልነገራት

ለሚወዱት ሰው ሲሉ የሠሩት ደግ ነገር ያንኑ ሰው ይገድላል ቢባል ማን ያምናል? ደምቢያ ውስጥ ኮላ ድባ አጠገብ የሚኖረው ገበሬ ሰጠኝ ግን አየው፤ በዓይኑ አየው! ሚስቱ ባንቺአየሁ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ከሞት አፋፍ ነበር የተመለሰችው። "ዳግመኛ ካረገዘች አትተርፍም" አሉት ሐኪሞቹ። የእርግዝና መከላከያ ክኒኑም መርፌውም አልስማማት አለ። ከዚያ ወዲያ ሰጠኝ አጠገቧ በተኛ ቁጥር መቃብሯን የሚቆፍር እየመሰለው እንቅልፍ አጣ።

አንድ ቀን "ዘመድ ልጠይቅ" ብሎ ጎንደር ወጣና ዘሩ የሚያልፍበትን ቱቦ አስቋጠረ። መንደሩ ቢሰማ "ሙክት" ብሎ እንደሚሳለቅበት ያውቃል። ለባንቺአየሁስ ምነው አልነገራትም? ለንስሐ አባታችን ትናዘዛለች፣ እሳቸውም ያወግዙኛል ብሎ ፈራ። ነርሷ ቤዛዊት ስለ ጥንቃቄው ገና እያስረዳችው፣ እሱ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ጋቢውን ተከናንቦ ውልቅ ብሎ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ባንቺአየሁ አረገዘች።

"የማን ነው?" አላት።

"ምነው ሰጠኝ፣ አበድህ እንዴ? የማን ይሁን?"

"የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ!"

እንዴት እንዳወቀ ግን አልነገራትም። በታቦት ማለች፤ እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች... ወይ ፍንክች! ልጆቿን ነጥቆ እንፍራንዝ ወደ አባቷ ቤት ሰደዳት። ወሬው ቀድሟት ደረሰ፤ ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንኳ አጠገቧ መቆም ተጸየፉ። ያችን ጨዋ ሴት!

ወራት አለፉ። ሰጠኝ ኮላ ድባ ገበያ እህል ሲሸጥ፣ ከጎንደር ለገበያ የመጣችው ነርሷ ቤዛዊት አገኘችው።

"አያ ሰጠኝ፣ ምነው ለምርመራ ሳይመለሱ ቀሩ? ቱቦው ቢቋጠርም የቀረው ዘር እስከ ሦስት ወር አይጠፋም፤ ባለቤትዎ ልታረግዝ ትችላለች፣ ተጠንቀቁ ልልዎት ስል አይደል ጥለውኝ የሄዱት?"

ሰጠኝ እህሉን እዚያው ጥሎ በረረ። እንፍራንዝ ሲደርስ "ምጥ ጠንቶባት ጎንደር ወስደዋታል" አሉት። ሆስፒታል ሲገባ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ደሟ ግን እንደ ፊተኛው አልቆም ብሏል። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ እያለቀሰ ሁሉንም ነገራት።

"እኔን ለማዳን?" አለች ባንቺአየሁ፣ ድምጿ እየደከመ። "ሸጋ አስበህ ነበር እኮ... ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ?" ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

በቀብሯ ዕለት ለቀስተኛው "የእግዜር ቁርጥ ነው፤ ምን ይደረግ" እያለ ሊያጽናናው ሞከረ። እውነት ዕጣዋ ነበር? ወይስ መናገር ሲገባን ዝም ብለን ያጠፋነውን ሁሉ ነው ዕጣ የምንለው? ሰጠኝ ጨቅላዋን ታቅፎ፣ በንስሐ አባቱና በመንደሩ ሁሉ ፊት ቆመ።

"ልጅቱ የእኔ ናት" አለ። "ቱቦዬን አስቋጥሬ የደበቅሁ እኔ ነኝ። ሚስቴ ንጹሕ ናት። ስሙኝ... ንጹሕ ናት!"

ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱላት። አዬ ጉድ! የመቃብሯ አፈር ግን ተመልሶ ነበር።