የእግር ሕልም

ሲስተር እልፍነሽ ጠዋት ጠዋት የአርባ ሦስት ሰዎችን እግር በእጇ ትለብሳለች።

ጓንቷን አጥልቃ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና ዓይኗን ትጨፍናለች። ያኔ በሻላ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች አረማመድ ተራ በተራ ወደ መዳፏ ይመጣል። የእነዚህ ሰዎች እግር ደንዝዟል፤ ፍም ቢረግጡ አይሰማቸውም። በእነሱ ፈንታ የሚሰማው «ሰሚ ካልሲ» ነው፤ ሙቀትን፣ ግፊትንና እርጥበትን በሚለይ ስስ ክር የተሠራ ካልሲ። ካልሲው የሰማውን ለኮምፒዩተሩ ያቀብላል፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ለእልፍነሽ ጓንት።

የአንዷ እግር ቀዝቃዛ ወለል ላይ ጥድፍ ጥድፍ ይላል፤ ልጆቿን ለትምህርት ቤት እያሰናዳች ነው። የሌላው ጣቶች መሃል እርጥበት አለ። «ዛሬም ሳታደርቅ ነው ካልሲ ያደረግከው» ብላ መልእክት ትልክለታለች። ሥራዋ ይኸው ነው። በሰው እግር ስትዞር ታረፍዳለች።

ዘጠነኛው የጋሽ ሁንዴ እግር ነበር። ጋሽ ሁንዴ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ከተማዋ የቆመችበትን የጣውላ ወለል ይጠግናሉ። የዚያን ቀን እግራቸው ከወትሮው ቀለል ብሏል። ለብ ባለ አሸዋ ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤ አሸዋው ከተረከዙ ሥር እየሸሸ ተመልሶ ይሞላል። ከአሸዋው ጤዛ ያረጠበው ሣር ላይ ወጣ። ከዚያም ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች ወረደ፤ መካከለኛው ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። እልፍነሽ ሳይታወቃት ፈገግ አለች። ኮምፒዩተሩ በጋሽ ሁንዴ ስም ፊት «ደህና» የሚል አረንጓዴ ምልክት አኖረ።

ወደ አሥረኛው ልታልፍ ስትል ዓይኗን ገለጠች። ያንን ያዘነበለ ደረጃ ታውቀዋለች። በልጅነቷ እናቷን ተከትላ ወደ ውሃው ስትወርድ ሁልጊዜ እሱ ላይ ትንገዳገድ ነበር። የድሮው መንደር ደረጃ ነው። ሐይቁ ሞልቶ መንደሩን ከዋጠው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ ከደረጃዎቹ በላይ አራት ሜትር ውሃ ተኝቷል።

ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ከሰፈር ሰፈር በሚያሻግረው ረጅም ድልድይ ስትሄድ ከዳር የሚፈልቀው የፍል ውሃ እንፋሎት ከሐይቁ ላይ እየተነሣ ቤቶቹን ግማሽ በግማሽ ሸፍኗቸዋል። ጣሪያዎቹ ብቻቸውን አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። የረገጠችው ጣውላ ራሱ እውነተኛ መሆኑን ተጠራጠረች።

ጋሽ ሁንዴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሚስማር እየመቱ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሎሚ ገና ከሩቅ ሲያይዋት ወንበር አወጡ።

«ምን እግር ጣለሽ፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ሁንዴ መዶሻቸውን አስቀምጠው።

«የእርስዎ እግር ነው ያመጣኝ፣ ጋሼ። ዛሬ ጠዋት የት ሄደው ነበር?»

«የት እሄዳለሁ? ከነጋ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«አሸዋ አልረገጡም?»

ሳቁ። «አሸዋ ከየት አምጥቼ? በሕልሜ ካልሆነ በቀር።»

እልፍነሽ አልሳቀችም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ሽማግሌው ተሸማቀው እግራቸውን ሊሰበስቡ ሞከሩ፤ «ኧረ ተይ፣ ነውር ነው» አሉ፤ እሷ ግን አልለቀቀችም። ግራ እግራቸው ንጹሕ ነበር። የቀኙን ጫማ አውልቃ እጇን ወደ ውስጥ ስትሰድ የሚስማር ጫፍ ጣቷን ወጋት። ጥቁሩን ካልሲ ቀስ ብላ ገፈፈችው። ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ ውስጥ እግራቸው ላይ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ ጥልቅ ቁስል ነበር። ሽታው ከፍል ውሃው የድኝ ሽታ ጋር ተመሳስሎ ለስንት ቀን ተደብቆ እንደ ኖረ እግዜር ይወቅ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ሁንዴ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስለሚላቸው የገዛ ውስጥ እግራቸውን ካዩ ዓመታት ሆኗቸዋል።

«ቁስል አለ፣ ጋሼ።»

«አያመኝም እኮ።»

«ክፋቱም እሱ ነው።»

እትዬ ሎሚ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ድሮ በየቀኑ የማየው እኔ ነበርኩ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ውሃውን በክርኔ ለክቼ አጥበው ነበር። ካልሲው ሲመጣ ከእንግዲህ እሱ ይጠብቃል አሉን። እኔም እጄን ሰበሰብኩ።»

በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ወሰዷቸው። ቁስሉ አጥንት ደርሶ ስለነበር አውራ ጣታቸው ተቆረጠ፤ እግራቸው ግን ተረፈ። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ እግራቸው ከጉልበት በታች ይቆረጥ እንደነበር ሐኪሙ ለእልፍነሽ ነገራት።

እሷም ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞረች። አርባ ሁለቱንም ሰዎች ካልሲ አስወልቃ፣ ጫማቸውን ገልብጣ አራግፋ፣ እግራቸውን ብርሃን ላይ አየች። የስድስቱ ካልሲ እንደ ጋሽ ሁንዴ ካልሲ ሕልም ያይ ነበር። ከአልጋ የማይነሡት ሴትዮ ካልሲ ሠርግ ቤት ሲጨፍር ተገኘ። አንዱ ሰው ተረከዙ ላይ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ሳይፈነዳ ደረሰችበት።

ካልሲዎቹን ይዛ ወደ ኢንጂነር ረድኤት ሄደች። ኮምፒዩተሩን ካስተማሩት ሰዎች በሥራ ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«ክሩ ሲበጠስ ከዚያ ቦታ ምንም ወሬ አይመጣም» አለች ረድኤት ስክሪኑን እያየች። «ኮምፒዩተሩ ባዶውን ቦታ በድሮ እርምጃ ሞልቶታል። ከተመዘገበው ሁሉ ደስ የሚለውን መርጦ።»

«እንዲህ አድርግ ያለው ማነው?»

«ማንም አላለውም። ተምሮ ነው።»

«ከማን?»

ረድኤት አንድ የቆየ የድምፅ መዝገብ ከፈተች። ኮምፒዩተሩ ሥራውን ሲጀምር ከሰጡት በሺህ ከሚቆጠሩ የሕሙማን ቃለ ምልልሶች አንዱ ነበር። ጠያቂው «እግርዎ እንዴት ነው?» ይላል። የደከመ የሽማግሌ ድምፅ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ሲል ይመልሳል። ሁለተኛው ተከፈተ፤ የሴት ድምፅ፤ «ደህና ነው።» ሦስተኛውም ደህና ነበር። አራተኛውም። ከሽማግሌው ድምፅ ሥር ሐኪሙ የጻፈው ማስታወሻ አለ፤ በዚያ ቀን የሰውየው ተረከዝ ግማሹ በስብሶ ነበር።

«እኛ ሕመምን እንዲለይ ነበር ያስተማርነው» አለች ረድኤት። «እሱ ግን ሰው ሳይሰማው ሲቀር ምን እንደሚል ተማረ።»

እልፍነሽ ለረጅም ጊዜ ድምፆቹን አዳመጠች። አንዳቸውም የሚዋሹ አይመስሉም፤ ሰው እንዳይጨነቅባቸው የሚጠነቀቁ ይመስላሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሁንዴን ልትጠይቅ ሄደች። ከሆስፒታል ወጥተው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፋሻ የተጠቀለለውን እግራቸውን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«እግርዎ እንዴት አደረ፣ ጋሼ?»

«ደህ…» አሉና አፋቸው ላይ ያለውን ቃል ዋጡት። እትዬ ሎሚን አዩ፤ ከዚያ ሐይቁን።

«እኔ እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «አልሰማም እኮ። እስቲ እዩልኝ።»

እትዬ ሎሚ ተነሥተው መጋረጃውን እስከ ዳር ሰበሰቡት፤ ሁለቱ ሴቶችም አብረው ወደ እግራቸው ጎንበስ አሉ።