ማንም የማያጠምድበት ባሕር

ላካናዋ፣ ባለ ሸራዋ የእንጨት ጀልባ፣ ከአምፓሲማሩ መንደር ዳርቻ ተገፍታ ገና ከመንሳፈፏ የመጀመሪያው ማዕበል ዘሎ ውስጧ ገባ። ሱዋዛራ ጂፒኤሷን በላስቲክ ጠቅልላ ጉያዋ ወሸቀችና ጣሳ አንሥታ ውሃውን ትጨልፍ ጀመር። ከኋላ አጎቷ ናሁዳ መሪውን መቅዘፊያ በብብቱ ጨምቆ ነፋሱን ይሰድባል። ከፊት ሚስቱ ፊታሂያ የሸራውን ገመድ በእግሯ ጣቶች ቆንጥጣ ይዛ የተቀቀለ ካሳቫ ትበላለች። ባሕሩ የፈለገውን ቢሆን ፊታሂያ ቁርሷን አትተውም።

«ነገ ብንሄድስ?» አለ ናሁዳ።

«ትናንትም ነገ ብለሃል።»

«ትናንትማ ነፋስ አልነበረም!»

«ዛሬ ደግሞ በዛብህ። አንተ ሰውዬ፣ ለአንተ የሚሆን ነፋስ ገና አልተወለደም።»

ናሁዳ ነፋሱን የፈራ አስመሰለ እንጂ ነፋስ ፈርቶ አያውቅም። የፈራው የሚሄዱበትን ቦታ ነበር፤ ማለትም ቦታውን ለሌላ ሰው ማሳየትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የማዳጋስካር ምዕራብ ባሕር ጥብቅ ክልል እንዲሆን ተወስኖ የትኛው ቦታ ለአጥማጅ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሚሆን መስመር ሊሰመር ነው። ለዚያም ኮራሉን፣ እንስሳቱንና የሰዉን መዋያ የሚያሳይ ካርታ ያስፈልጋል። ካርታውን እንድትሠራ የተመደበችው የመንደሩ ልጅ ሱዋዛራ ነበረች። ቱሊያራ ከተማ ድረስ ሄዳ የባሕር ትምህርት ተምራ ተመልሳለች። ቤት ለቤት እየዞረች «የት ነው የምታጠምዱት?» ብላ ጠየቀች። ቬዞ የሚባለው የዚያ ጠረፍ አጥማጅ ደግ ሕዝብ ነው፤ ሩዙን ያካፍላል፣ ጀልባውን ያውሳል። ዓሣ የሚያገኝበትን ቦታ ግን ለወንድሙም አይናገርም። ስለዚህ ጎልማሳው ሁሉ ፊቱን አኮሳትሮ ከደቡብ በኩል ያለውን፣ ድመት እንኳ የምትጾምበትን ባዶ አሸዋ አሳያት። «እዚያ ነው ልጄ፣ እዚያ ነው» እያለ።

ሱዋዛራ ያሏትን ጻፈች። ካርታው ሲያልቅ ባዶው አሸዋ በአጥማጅ ተጨናንቆ፣ መንደሩን ሙሉ የሚመግበው የራኖፉቲ ኮራል ደግሞ ሰው የማይደርስበት ሆኖ ወጣ። ከተማ ያለው ኮሚቴ ካርታውን አይቶ ደስ አለው። ራኖፉቲ ሩቅ ነው፣ ማንም አያጠምድበትም፤ እንግዲያው ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ተባለ። መንደሩም ይህን ሲሰማ በሱዋዛራ ላይ አጉረመረመ። «ዋሽተን ነበር» የሚል ግን አንድ አልተገኘም። ሁሉም ጎረቤቱ ቀድሞ እንዲናገር ይጠብቃል፤ ጎረቤቱም እሱን።

ካርታው ላይ ያለው ስም የሷ ነው። ራኖፉቲ ከተዘጋ የእናቷ ቤት፣ የአክስቷ ቤት፣ የጎረቤቱ ሁሉ ምድጃ ይቀዘቅዛል፤ የሚቀዘቅዘውም በእሷ እጅ ነው። ያላት ተስፋ ከስብሰባው በፊት ራኖፉቲ ደርሳ በዓይኗ አይታና ለክታ አዲስ ካርታ ማምጣት ነበር። በኮራሉ መካከል ጀልባ የሚያልፍበትን መንገድ ያውቃል ብላ የምትጠረጥረው ደግሞ አጎቷን ብቻ ነው። ናሁዳ ሚስቱ ሦስት ቀን ካኮረፈችው በኋላ እሺ አለ። ነገር ግን በአያቶቻቸው ስም አስማላት።

«ኮራሉን ጻፊ፣ ዓሣውን ጻፊ፣ ኤሊውን ጻፊ። እኔን አትጻፊ።»

«ታዲያ ሰው እንደሚጠቀምበት በምን ላሳይ አጎቴ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

የደቡቡ ነፋስ እኩለ ቀን ላይ በረታ። ማዕበሉ ከላካናዋ ጠርዝ በላይ እየተነሣ ያጥባቸዋል። በጎኗ የታሰረው የሚዛን እንጨት ከውሃ በወጣ ቁጥር ፊታሂያ ተንሸራታ ትቀመጥበትና በክብደቷ ትመልሰዋለች። ገመድ ተበጠሰ። ሸራው እንደ ተቆጣ ሰው ተወራጨ። ናሁዳ «ያዢው!» ሲል ሱዋዛራ ጣሳውን ጥላ ሸራው ላይ ተወረወረች፤ ጥፍሯ ተላጠ፤ ግን ያዘችው። ፊታሂያ የተበጠሰውን ገመድ በጥርሷ እየሳበች ቋጠረችው።

«ከተማ ያላበላሸባት አንድ ነገር አለ» አለ ናሁዳ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ነፋሱ ትንሽ ሲለሰልስ ውሃው አጠገባቸው ተነፈሰ። ዓሣ ነባሪ ነበረች፤ ግልገሏን አስከትላ፣ ጀርባዋ ከሙሉ ላካና የረዘመ። ሱዋዛራ በደስታ ሳታስበው ጣቷን ቀስራ ጠቆመች። ናሁዳ እጇን ጧ አደረገው።

«እጠፊው! ነውር ነው! ተምረሽ ተምረሽ ዓሣ ነባሪ ላይ ጣት ትቀስሪያለሽ?»

ሱዋዛራ ጣቷን አጠፈች። ዓሣ ነባሪዋ ግን የተሰደበች ይመስል አቅጣጫ ለውጣ ወደ እነሱ መጣች። ጥቁሩ ጀርባ በላካናዋ ሥር ሲያልፍ የሚዛኑን እንጨት ከታች ገፍቶ አነሣው። ላካናዋ ዘመመች፤ ሩዙ ባሕር ገባ። ሦስቱም ጠርዙን ጨብጠው ያዙ።

«ይቅርታ እናቴ» አለች ሱዋዛራ ጮክ ብላ፤ አላፈረችም። «ሳላስበው ነው።»

ጀርባው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። እናትና ልጅ ወደ ሰሜን ሄዱ። ሱዋዛራ ጂፒኤሷን አውጥታ የታዩበትን ቦታ መዘገበች።

«ሩዜን!» አለች ፊታሂያ። «ቢያንስ አመሰግናለሁ ብትል ምናለ?»

ወደ ማምሻው ላይ የራኖፉቲ ነጭ አረፋ ታየ። ናሁዳ በማዕበሉ መሀል መሪውን ግራና ቀኝ እያዞረ ላካናዋን በጠባብ መግቢያ አስገባትና ከኮራሉ ጀርባ ያለች ትንሽ የአሸዋ ደሴት ላይ ወጡ። ምሰሶውን ነቅለው፣ ሸራውን ድንኳን አድርገው ዓሣ ጠበሱ። ናሁዳ እንጨት ሊለቅም ወደ ቁጥቋጦው ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«አመድ አለ። በአሸዋ የተሸፈነ። የዓሣ ማድረቂያ አልጋም ደብቀዋል።»

«የአንተ ይሆናላ» አለች ፊታሂያ።

«የእኔን የደበቅሁበትን አጣዋለሁ? ይሄ የሌላ ሰው ነው! በእኔ ቦታ!»

«ባሕሩን ገዝተኸው ኖሯል? ሳትነግረኝ?»

ናሁዳ ዓሣውን ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ ሱዋዛራ ጠለቀች። ራኖፉቲን በልጅነቷ በስም ብቻ ነበር የምታውቀው። ከመነጽሯ ሥር ኮራሉ ደረጃ በደረጃ ወደ ሰማያዊው ይወርዳል፤ በየጎድጓዳው ዓሣ ይርመሰመሳል። በደሴቱ ጥላ በኩል የባሕር ሣር ሜዳ ተዘርግቷል፤ ኤሊዎች ይግጡበታል፤ በሣሩ መሀል ጣት የማያህሉ የዓሣ ጫጩቶች ተጠልለዋል። በውሃ ውስጥ በሚጻፍበት ሰሌዳዋ ላይ እየሳለች ወጣች፣ ተነፈሰች፣ ተመልሳ ወረደች። ይህን ሁሉ ባዶ ብላ ነበር የሳለችው።

በኮራሉ ጠርዝ ላይ ሳለች ዓሦቹ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ከሰማያዊው ውስጥ ጎኑ መስመር መስመር ያለው ሻርክ ወጣ። አልተቻኮለም። አንድ ጊዜ ዞራት፤ ሁለተኛው ዙር ጠበበ። ሱዋዛራ እንዳትሸሽ ራሷን ያዘች፤ ጀርባዋን ለኮራሉ ሰጥታ ሰሌዳውን ደረቷ ላይ አቆመች። ሻርኩ መጥቶ ሰሌዳውን በአፍንጫው ገፋው። ሳንባዋ አየር አየር እያለ ይጮኻል። በዚያች ቅጽበት ከላይ አንድ ጥላ ወረደ፤ ናሁዳ የዓሣ ጦሩን ይዞ መጣና ትከሻውን ከትከሻዋ አጣብቆ ቆመ። ሻርኩ ሁለቱን ተመለከተ። ከዚያ ጅራቱን ወዝወዝ አድርጎ ሄደ።

ላካናዋ ላይ ሲወጡ ናሁዳ ጦሩን ጥሎ ተንጋለለ።

«ጻፊው» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «እሱም ነዋሪ ነው።»

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሞተር ተሰማ። የፕላስቲክ ጀልባ ከባሕሩ በኩል መጣ፤ አራት ሰዎች አሉበት፤ መሀሉ ላይ አየር መንፊያ ማሽንና የተጠቀለለ ረጅም ቱቦ። እነዚህ ከሰሜን የሚመጡ ጠላቂዎች ናቸው፤ በቱቦ አየር እየሳቡ ከባሕሩ ወለል ነጋዴ በውድ የሚገዛውን ዛጎል ሁሉ ይጠርጋሉ። ካለፉበት ወዲያ የሚለቀም አይኖርም። አለቃቸው ማንዳ የሚሉት ደረተ ሰፊ ሰው ነው።

«እናንተ ምን ትሠራላችሁ እዚህ?» አለ።

«አንተስ?» አለ ናሁዳ።

«ከተማ ውስጥ ካርታ ተለጥፏል እኮ። ራኖፉቲ ማንም አይውልበትም ይላል። ባለቤት የሌለው ባሕር ተገኘ ብለን መጣን።»

ሱዋዛራን ከሻርኩ ይልቅ ይህ አስደነገጣት። መንገዱን ያሳየቻቸው እሷ ናት። ናሁዳን አየችው፤ ናሁዳ ዓይኑን ሰበረ።

ማንዳ ጂፒኤሱን አየ። «ያንን ዕቃ አምጪው። ሰሌዳውንም። ዛሬ ማንም አላየንም።»

«ስጪው» አለ ናሁዳ ዝግ ብሎ፣ ግን በእግሩ ላካናዋን ከኮራሉ እየገፋ። ፊታሂያ ነገሩ ገብቷት የመልሕቁን ገመድ በቢላ ቆርጣለች። ሸራው ተነፋ፤ ላካናዋ ዘለለች።

ሞተሩ አጓራና ተከተላቸው። ናሁዳ ወደ ክፍቱ ባሕር አልሸሸም፤ በቀጥታ ወደ ኮራሉ ጀርባ ቀዘፈ፤ ውሃው እየሸሸ የድንጋዩ ጫፍ ጥቁር ጥቁር ብሎ ወደታየበት።

«አጎቴ፣ ውሃ የለም!»

«ለእኛ የሚበቃ አለ! ተነሡ፣ ወደ ኋላ!»

ማዕበል ከኋላ መጣ። አነሣቸው። የላካናዋ ሆድ ኮራሉን ፋቀው፤ የሚዛኑ እንጨት ተንጣጣ፤ ሱዋዛራ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ማዶ ነበሩ። ከኋላቸው ብረት ድንጋይ ሲነክስ ተሰማ፤ ሞተሩም ጸጥ አለ። የማንዳ ጀልባ መዘውሩ ተሰብሮ፣ ማዕበል ጎኑን እየመታው፣ ወደ ሰባሪው አለት ይንሸራተታል። አንዱ ጠላቂ ይጮኻል።

«ራሳቸው ይወጡታል» አለ ናሁዳ።

ፊታሂያ ሸራውን አወረደች። «አባቴ አንተን ከባሕር ሲያወጣህ የማን ወገን ነህ ብሎ ነው ያወጣህ?»

ናሁዳ ተሳደበ፤ ብዙ ተሳደበ። እየተሳደበም ዞረ። ረጅም ገመድ ወርውረው፣ ጀልባውን እየጎተቱና እየቀዘፉ፣ እጃቸው እስኪላጥ ደክመው ጸጥ ወዳለው ውሃ አስገቡት። ፊታሂያ የመጠጥ ውሃ ሰጠቻቸው። ማንዳ ጠጣና አንገቱን ደፋ። ሌላ ጀልባቸው እስኪመጣ እዚያው ይቆያሉ።

ሱዋዛራ ሰሌዳዋን አውጥታ ማንዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «የሰው መዋያ ነው የምጽፈው። ሌላ ጊዜ የት የት ነው የምትጠልቁት?»

ማንዳ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱን አኮሳትሮ በአገጩ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባዶው አሸዋ አሳያት።

«እዚያ ነው እህቴ።»

ናሁዳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዘመዳችን ነው! ይሄ ሰው ጥርት ያለ ዘመዳችን ነው!» ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ በሳቁ መሀል ግን እሱም ሱዋዛራን ያሳያት ያንኑ አሸዋ መሆኑ ትዝ አለው። እስከ መንደር ድረስ መሪውን ብቻ እያየ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ስብሰባው በትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር ሆነ። ከከተማ የመጡት የኮሚቴው ሴት ሰብሳቢ አዲሱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ድንቅ ነው» አሉ። «እንዲህ የበለጸገ ቦታ ከሆነማ ይበልጥ መዘጋት አለበት። ሰው ይጠቀምበታል ወይስ አይጠቀምበትም?»

ሱዋዛራ ዓይኗን ወደ አጎቷ መለሰች። በአያቶቿ ስም ምላለች። መንደርተኛው መሬት መሬት ያያል። ሰብሳቢዋ እስክሪብቶ አነሡ።

ናሁዳ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው፤ እንደገና አወለቀው።

«እኔ አጠምድበታለሁ» አለ። «አባቴም ያጠምድበት ነበር። መግቢያው በምሥራቅ በኩል ነው፤ ሁለቱ አረፋ የሚለያዩበት። ልጅቷን የዋሸኋት እኔ ነኝ። ባዶ ነው ስላልን ሌባ መጣበት፤ ደግሜ ባዶ ነው አልልም።»

«አንተ ሌባ!» ከኋላ ሽማግሌው ሌማሮ በቁጣ ዘሎ ተነሣ። «እሱ የእኔ ቦታ ነው! የእኔን ማድረቂያ—» አለና አፉን በእጁ ከደነ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ ፊታሂያ ሳቀች። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት «እኔም ኦክቶፐስ እወጋበታለሁ፣ ምን ይደረግ» አለች። «እኛም» አለ ሌላው። «እኛ ግን ከእናንተ በፊት ነን!» አለ ሦስተኛው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር፣ መካካድ፣ መሳቅ ጀመረ። ለዘመናት ተደባብቀው አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ ኖረዋል።

«እንግዲያው ሁላችሁም?» አሉ ሰብሳቢዋ፤ እስክሪብቶውን አስቀምጠው።

«ሁላችንም» አለ ናሁዳ። «ግን የዓሣ ጫጩት ያለበት ሣር ላይ መረብ አይጣል። እሱ ይዘጋ። የሚጠብቀው እኛው ነን። ሌማሮ ቀድሞ ይማል።»

«አንተ ቀድመህ ማል፣ ውሸታም!»

ጠረጴዛው ተከበበ። አንዱ የአባቱን ሰፈር ያሳያል፣ ሌላው «አይደለም፣ ትንሽ ወደዚህ» እያለ እጁን ይገፋዋል፤ ሌማሮና ናሁዳ ስለ መግቢያው ግንባር ለግንባር ተጋጥመው ይከራከራሉ። ሱዋዛራ መጀመሪያ «ቀስ በሉ፣ እኔ ልሣለው» ብላ ነበር። የሚሰማት አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት እርሳሱን ከእጇ ወሰደችና አጎንብሳ የራሷን ምልክት አደረገች፤ ከዚያ ለቀጣዩ አቀበለችው። ሱዋዛራ ወደ ኋላ ራቅ ብላ የሮቃው ሥር ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ በዕንባ ሞላ። እርሳሷን ግን መልሱልኝ አላለችም።