የደለሳ ነጭ መምቻ

በሐዘርማ መንግሥት ዳርቻ፣ በፍል ባሕር አፋፍ ላይ፣ ደለሳ የምትባል የወደብ ከተማ ነበረች። በንጉሥ ኤልሐዳር ዘመን፣ ነፋስ በሌለበት አንድ ረፋድ፣ ባሕሩ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ረጃጅም ማዕበሎች ከአድማስ ማዶ እየተንከባለሉ መጡና፣ ቅጠል እንኳ በማይወዛወዝበት ጸጥታ ውስጥ የወደቡን ድንጋይ እየደለቁ ተመለሱ። ውኃው ለገላ እንደተሞቀ ውኃ ለብ ይል ነበር። የባሕር ወፎች ጎጆአቸውን ትተው፣ በጣሪያዎቹ ላይ አልፈው ወደ ደረቁ ምድር በረሩ። ዓሣ አጥማጆቹ ቀና ብለው አዩአቸውና መረባቸውን መሰብሰብ ያዙ። ዙራን መወለዱን ሁሉም አውቋል።

ዙራን አውሬ ነው። እናቱ ባሕር፣ አባቱ የበጋ ፀሐይ ነው ይላሉ። ሲወለድ ከአንድ ጀልባ የማይበልጥ፣ በራሱ ላይ የሚሽከረከር ጉም ነው። ሞቃት ውኃ እየጠባ ይዞራል፣ እየዞረ ያድጋል፤ ሲጎለምስ በመሐል አናቱ ላይ አንድ ዓይን ይከፍትና ወደ ምድር ይራመዳል። ደለሳዎች ይህን ከቅድመ አያቶቻቸው ሰሙ እንጂ በዓይናቸው አላዩም። ባለፈ ቁጥር ያገኛቸው የነበረው በክንፉ ጫፍ ብቻ ነው፤ ዓይኑ ምንጊዜም በሩቅ ባሕር ላይ ያልፋል። ይህ ዕድል ነበር፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ ግን ዕውቀት መሰላቸው።

በዚህ ዕውቀት ላይም ሕግ ሠርተዋል። በወደቡ አፍ ባለው ግንብ ላይ አንድ ትልቅ ነጋሪት ነበረ፤ ነጋሪቱም ሁለት መምቻ ነበረው። ዙራን ሲመጣ ጠባቂው በጥቁሩ መምቻ የሥጋቱን ምት ያለማቋረጥ ይደልቃል፤ ሕዝቡም ወደ ኮረብታው ይወጣል። ነፋሱ ሲወድቅ በነጩ መምቻ ሦስት ጊዜ በዝግታ ይመታል፤ እሱም የእፎይታ ምት ነው። ያ ምት ሳይሰማ ከኮረብታው የወረደ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ከአገር ይባረራል። ከተሰማ በኋላ ግን ባሕሩ የተፋው ዕንቁና እንጨት ሁሉ ቀድሞ ለነካው ስለሆነ፣ ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን እየቀደመ ቁልቁል ይሮጣል። ለደለሳ ልጆች ከዚህ የሚበልጥ በዓል አልነበረም።

የግንቡ ጠባቂ ዳሞር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከነጋሪቱ ሌላ ያለችው አንዲት ልጁ ሲምራ ናት፤ እሷም ከወደቡ ጀልባ ነጂዎች ሁሉ ፈጣኗ ነበረች። ንጉሡ ያን ዕለት ያስጠራት በዚህ ምክንያት ነው።

«ሲምራ የዳሞር ልጅ» አለ ንጉሥ ኤልሐዳር በዙፋኑ ላይ ሆኖ። «አባቶቻችን ዙራንን ሸሹት። እኔ ግን በአልጋው ሳለ፣ ገና ሕፃን ሳለ እገድለዋለሁ። ይህ ከቀዛፍ ተራራ አናት የተቆረጠው፣ የማይቀልጠው የበረዶ ጦር ነው። ከደረቁ ምድር የመጣው ጉራንዝ ይወረውረዋል፤ ባሕሩን የሚያውቁት አባ ተርሲ መንገዱን ያሳያሉ። አንቺ ታደርሻቸዋለሽ።»

ሲምራ እጇን በጦሩ ላይ አኖረች። ቅዝቃዜው እስከ ክርኗ ዘለቀ። «በሰባቱ ነፋሳትና በእናቴ መቃብር እምላለሁ» አለች። «ጦሩ ሳይወረወር ፊቴን ወደ ደለሳ አላዞርም።»

አባቷ በግንቡ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እንግዲህ አባዬ፣ ስመለስ ሥራ ፈት ልትሆን ነው።»

«እስክትመለሺ ሥራ አለኝ» አለ ዳሞር። «ነፋሱ ሲወድቅ ነጩን እመታልሻለሁ። እሱን ስትሰሚ ቤትሽ ደርሰሻል ማለት ነው።»

ሳመችውና ሄደች።

ጉራንዝ ግዙፍ ሰው ነው፤ ባሕር ግን አይቶ አያውቅም። ወደቡ ከዓይን ሳይጠፋ ያስመልሰው ጀመር። አባ ተርሲ ሎሚ እየሰጡት፣ «ጦሩን ብቻ እንዳትተፋው» ይሉት ነበር። ሲሻለው ከሲምራ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«እኛ አገር ዙራን አይባልም» አላት። «ሽማግሌው ነው የምንለው። ነፋሱ አልቆበት፣ ደክሞ፣ ዝናብ ብቻ ሆኖ ነው የሚደርሰን። እኛ ዘንድ መጥቶ ይሞታል፤ እኛም በሬሳው እናርሳለን። አሁን ከቀረ ቆየ። ከብቶቻችን አልቀዋል።»

«ታዲያ ልትገድለው ለምን መጣህ?»

«ታዘዝኩ። አንቺስ?»

«አባቴ ግንቡ ላይ ነው።»

 ሁለቱም የሚያጡት ነገር ነበራቸው፤ ባሕሩ ደግሞ ስለዚህ ደንታ አልነበረውም።

ሲደርሱበት ዙራን ሕፃን አልነበረም። ከአድማስ እስከ አድማስ የቆመ ጥቁር ደመና፣ ግድግዳው እየዞረ፣ ታችኛው ጫፉ ባሕሩን እየላሰ ወደ እነሱ ይመጣ ነበር። ጉራንዝ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሞ፣ ስለ አገሩ ይሁን ስለ ራሱ አንድ ነገር አጉረምርሞ፣ ጦሩን በሙሉ ኃይሉ ወረወረ። ጦሩ ከገባበት ላይ ነጭ ጭስ ወጣ። ነፋሱ ላላ፤ የደመናው ግድግዳ ተቀደደ፤ ሲምራም አሸነፍን ብላ አሰበች። ዙራን ግን አንዴ ተንገዳግዶ ይበልጥ ወደሚሞቀው ውኃ ተሻገረና ጠጣ። ቀዳዳው ተጠገነ። የማይቀልጠው ጦር ቀልጦ ነበር።

«በሚፈላ ጋን ውስጥ አንድ ጭብጥ በረዶ» አሉ አባ ተርሲ። «ለንጉሥ እንዲህ አይባልም እንጂ።»

ከዚያ ግድግዳው ዋጣቸው። ሸራው ተበጣጠሰ፣ ባሕርና ሰማይ ተደባለቁ፤ ሦስቱም ገመድ ላይ ተጣብቀው ሞታቸውን ጠበቁ። በድንገት ግን ነፋሱ ቆመ። በላያቸው ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ ነበረ፤ ፀሐይም ወጣች። የደከሙ ወፎች እየዞሩ መጥተው በጀልባዋ ወለል ላይ ወደቁ። ጉራንዝ ተንበርክኮ አምላኩን አመሰገነ። ሲምራም እፎይ ብላ ፀጉሯን መጭመቅ ጀመረች።

ያኔ ነው ዙሪያዋን ያየችው። ያለፉት ግድግዳ ከኋላቸው ቆሟል፤ ሌላ ግድግዳ ደግሞ ከፊታቸው። በዓይኑ ውስጥ ነበሩ። ከላይ የሚያያት ነገር እንዳለ ተሰማት፤ ጥላቻ አልነበረበትም፤ መኖሯንም ያወቀ አይመስልም።

«አባ፣ ወዴት ነው የሚሄደው?»

አባ ተርሲ ፀሐይዋን አዩ፤ የደመናውን አካሄድ አዩ። «ወደ ደለሳ» አሉ። «በክንፉ አይደለም። በዓይኑ።»

ሲምራ ደለሳ ላይ የሚሆነውን አሰበች። ነፋሱ ይወድቃል፤ አባቷም ነጩን መምቻ ያነሣል። ሦስት ጊዜ በዝግታ ይመታል፤ ደለሳም እናት ከልጇ ጋር እየተሽቀዳደመች ወደ ባሕሩ ዳር ትወርዳለች። ከዚያ ሁለተኛው ግድግዳ ይመጣል። በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ፈርታ አታውቅም።

«ልንቀድመው ይገባል» አለች።

«ቀኝ እጁ ወደሚሄድበት ይወረውራል፣ ግራ እጁ ወደ ኋላ ይመልሳል» አሉ አባ ተርሲ። «በቀኝ እጁ ከገባን ይወረውረናል። በሕይወት ስለመድረሳችን ግን ምንም አላልኩም።» ይህን ብለው ወገባቸውን ከመሪው እንጨት ጋር አሰሩ። «የመሪውን ነገር ለእኔ ተዉት፤ እናንተ ውኃውን ቅዱ።»

ዙራንም በቀኝ እጁ ወረወራቸው። የደለሳ ኮረብታ በዝናቡ ውስጥ ሲታይ አባ ተርሲ መሪውን እንደጨበጡ ነበሩ፤ ትንፋሽ ግን አልነበራቸውም። ማዕበሉ ጀልባዋን ከነሬሳቸው አንሥቶ፣ ወደቡን አሻግሮ ኮረብታው ግርጌ ጣላት። ሲምራና ጉራንዝ በደረታቸው እየተሳቡ፣ የሥጋቱን ምት ተከትለው ወደ ግንቡ ሄዱ። ከግንቡ ደረጃ ላይ ሳሉ ነፋሱ ወደቀ፤ ፀሐይም ወጣች።

ዳሞር ጥቁሩን መምቻ አስቀምጦ ነጩን አንሥቶ ነበር። ሲምራ ክንዱን ይዛ ተንጠለጠለችበት።

«እንዳትመታው አባዬ። አላለፈም፤ ዓይኑ ነው። ግማሹ ገና ከወዲያ እየመጣ ነው፤ ባሕሩን ተሸክሞ።»

ዳሞር ልጁን አየ። ከዚያ ባሕሩን አየ። ውኃው ረግቶ፣ አሸዋው ላይ ዕንቁው ያብለጨልጭ ነበር። የገዛ ዓይኑ የሚነግረው ሌላ፣ ልጁ የምትነግረው ሌላ ሆነበት። ከዚያ ጥቁሩን መምቻ አንሥቶ በፍጥነት መደለቅ ጀመረ።

«አሁን እንሂድ» አለችው።

«እጄን ባሳርፍ ዳሞር ሞተ ብለው ሊቀብሩኝ ይወርዳሉ። የደለሳን ሰው አላውቀውም እንዴ?»

«እንግዲያው እኔ ልምታ። አንተ ውጣ።»

«የእኔን እጅ ይለዩታል። ያንቺን ቢሰሙ ምን ሆኖ ነው ብለው ይመጣሉ።» እየመታ በግራ እጁ ነጩን መምቻ ዘረጋላት። «ይህን ያዢልኝ። ዛሬ አያስፈልገኝም።»

«አባዬ፣ አልሄድም» አለች መምቻውን መቀነቷ ውስጥ እየሻጠች።

ዳሞር ከእሷ አሻግሮ ጉራንዝን አየ። «ወንድሜ፣ ወልደህ ታውቃለህ?»

«ሁለት አሉኝ» አለ ጉራንዝ።

«እንግዲያው ይገባሃል። ውሰድልኝ።»

ጉራንዝ ሲምራን በትከሻው ላይ አደረጋት። ነከሰችው፣ በጥፍሯ ቧጨረችው፤ እሱ ግን ወደ ኋላ ሳያይ ኮረብታውን ወጣ።

ኮረብታው ላይ ሕዝቡ በፀሐይ ልብሱን እያደረቀ ያጉረመርም ነበር። «ዳሞር ጃጅቷል» አለች አንዲት ባልቴት። «ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ምን ይደልቃል? ዕንቁው ሊቀበር ነው።» ንጉሡም ቢሆን አንድ እግሩን ወደ ቁልቁለቱ አስቀድሞ ነበር።

ሲምራ በፊቱ ወደቀች። «ንጉሥ ሆይ፣ ጦሩ ተወርውሮ ቀልጧል። አባ ተርሲ ሞተዋል። ይህ ጸጥታ ዓይኑ ነው። አባቴ የሚመታው እናንተ እንዳትወርዱ ብሎ ነው።»

ንጉሥ ኤልሐዳር በጭቃና በደም የተለወሰ ፊቷን አየ። ከዚያ እግሩን መለሰ። «የነጋሪቱን ሕግ የሚጥስ የለም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ተናድዶም ቢሆን ሁሉም ተቀመጠ።

ሁለተኛው ግድግዳ የመጣው ከተቃራኒው ነፋስ ጋር ነው። ባሕሩ እንደ ማዕበል አልመጣም፤ ወለሉ በሙሉ ተነሥቶ፣ ሳይቸኩል ወደ ከተማዋ ገባ። ቤቶቹን፣ ገበያውን፣ የወደቡን ድንጋይ ሸፈነ። ነጋሪቱ ግን ይሰማ ነበር። ባልቴቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲምራ ጆሮዋን ለመድፈን ፈለገችና አልቻለችም፤ ድምፁ እስካለ አባቷ አለ። ውኃው የግንቡን አናት አለፈ። ድምፁም ቆመ።

ዙራን በላያቸው አልፎ ወደ ደረቁ ምድር ገባ። ሞቃት ውኃ የለምና በሄደ ቁጥር ደከመ፤ ነፋሱ ላላ፣ ዓይኑ ተከደነ፣ በመጨረሻም በጉራንዝ አገር ሜዳዎች ላይ ጸጥ ያለ ረጅም ዝናብ ሆኖ ሞተ። ጉራንዝ ያንን ደመና ተከትሎ በእግሩ ሄደ።

ደለሳ ግን አልነበረችም። የውኃ ጉድጓዶቹ ጨው ሆነዋል፤ ጀልባዎች ማሽላ እርሻ ውስጥ ተጋድመዋል። ከኮረብታው ሕዝብ አንድም ሰው አልጎደለም። ሰማዩ ከጠራ፣ ነፋሱም ከሞተ በኋላ ሁሉም እንደተቀመጠ ቀረ። ንጉሡ፣ «አሁንስ አልፏል፣ ውረዱ» አለ።

«ነጋሪቱ አልተመታም» አለች ያቺ ባልቴት።

የሚመታው ነጋሪት አልነበረም፤ የሚመታው ሰውም አልነበረም። ይህን ንጉሡም ያውቃል። ግን እሱ ራሱ አንድ እርምጃ አልተራመደም።

ሲምራ ተነሣች። ባሕሩ ጀልባዋን ከጣላት ቦታ አንሥቶ ወደ ላይ ገፍቷት፣ ከሕዝቡ በታች በኩል ተገልብጣ ነበር። አጠገቧ ተንበርክካ ነጩን መምቻ ከመቀነቷ አወጣች። በጀልባዋ ሆድ ላይ አንድ ጊዜ መታች። በዝግታ ደገመችው። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ይህን ከመታች፣ ነጩን እመታልሻለሁ ያላት አባቷ ከእንግዲህ የሚጠብቃት ሰው አይሆንም። ቆየት ብላ መታችው።

ሕዝቡ ተነሥቶ ወረደ። የሮጠ አልነበረም፤ አሸዋው ላይ ወደሚያብለጨልጨው ዕንቁ እጁን የዘረጋም አልነበረም። ሲምራ መምቻውን ወደ መቀነቷ መልሳ ከሁሉም ኋላ ወረደች።